የቤት ሳይክል ልትገዙ ነው? ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ! ደሴ ላይ ጂም ውስጥ ሰው አሠራለሁ። የተበላሸውን ማሽን የምጠግነውም እኔው ነኝ። ስለ ቤት ውስጥ ሳይክል ያላችሁን ጠይቁ።

ጥ፦ ደሴ ራሷ ዳገት አይደለች እንዴ? ሳይክሉ ምን ያደርጋል?

መ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ። ጉልበትህ ጤነኛ ከሆነ እንደ ጦሳ ተራራ ያለ ጂም የለም፤ ክፍያም አይጠይቅ። ሳይክሉ ቁልቁለት ጉልበቱን ለሚያመው፣ ልጅ ትታ መውጣት ለማትችል እናት፣ ለክረምቱ ጭቃ ነው።

ጥ፦ መብራት ሲጠፋስ? ከኮምቦልቻ ነኝ።

መ፦ አብሽር። በእጅ እየዞረ የሚከብድና የሚቀል የማግኔት ሳይክል መብራት አይፈልግም። ስክሪኑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሶኬት ላይ የሚሰካውን ተወው።

ጥ፦ ማግኔትና ሸራ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው።

መ፦ ሸራው እንደ መኪና ፍሬን የሚሽከረከረውን ብረት እየነካ ያከብደዋል። ርካሽ ነው፤ ግን ያልቃል፣ ያፏጫል። ማግኔቱ ሳይነካ ከአጠገቡ ሆኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ድምፁ ትንሽ ነው። አንቺ ማግኔት፣ ያውም በካቴና ሳይሆን በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞር ውሰጂ። አለበለዚያ የታች ቤት ሰው ይራገምሻል።

ጥ፦ ልጄ፣ 60 አልፌያለሁ፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ይሆነኛል?

መ፦ እማማ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ከፈቀደልዎት ለብዙ ሰው ጉልበት ከሩጫ ይሻላል፤ ክብደትዎን ኮርቻው ይሸከምልዎታል። ወገብም የሚያምዎት ከሆነ መደገፊያ ያለውን፣ ፔዳሉ ከፊት የሆነውን ይምረጡ። ከመሃል ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስ ለመቀመጥም አያስቸግርም።

ዋናው ነገር ግን ኮርቻው ነው። ሱቅ ውስጥ ይቀመጡና ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ያውርዱት። ተረከዝዎን ያሳርፉበት። ያኔ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። በእግር ጣትዎ ሥር ሲረግጡት ደግሞ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል። ኮርቻው ለዚህ ካልደረሰ ይተዉት፣ ስክሪኑ ምንም ቢያበራ። እኔ በስክሪኑ ተታልዬ የመጀመሪያውን ስገዛ ኮርቻው ለቁመቴ አጠረ። ሁለት ሳምንት ነድቼ ከጉልበቴ ፊት አመመኝ። ሻጩ «ይለመዳል» አለኝ። አልተለመደም።

ጥ፦ ያገለገለ ብገዛስ?

መ፦ ግዛ፣ ግን ነድተህ። ከበድ አድርገህ ቆመህ ርገጠው። ቋ ቋ ካለ ፔዳሉ የታሰረበት ክንድ ላልቷል፤ ካንገራገረ ኩሽኔታው ሄዷል። የሚችለው ክብደትም ተጽፎ እንደሆነ እይ። ስትገጥም ደግሞ የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው መሆኑን አትርሳ። ጥርሱ ተበልቶ የሚመጣልኝ ብዙው በዚህ ነው።

ጥ፦ በረመዳንስ መቼ ልሥራ?

መ፦ ካፈጠርክ በኋላ፣ ሆድህ ቀለል ሲል። ቀን ላይ ላብህን ብታፈስ ውሃውን በምን ትተካለህ?

ጥ፦ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

መ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ ማለት ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም። ከቆላ ደሴ ለመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥራል፤ መጀመሪያ ቀለል አድርገው።

ጥ፦ ገዝቼው የልብስ መስቀያ ቢሆንብኝስ?

መ፦ እህቴ፣ ጓዳ አታስገቢው። ቡና የምታፈዪበት ክፍል አድርጊው። አቦሉን ጠጥተሽ ውጪበት፤ ቶናው እስኪፈላ ንጂ። ሲፈላ ትወርጃለሽ።