«ግሉኮስ ሳይሰቀልለት ፓኬት ብቻ?»

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጄን ተቅማጥ ይዞት ጤና ኬላ ወሰድኩት። ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና 10 ፍሬ ዚንክ ሰጥተው መለሱኝ። «ግሉኮስ አይሰቀልለትም ወይ?» ብላቸው «አያስፈልገውም» አሉኝ። ይሄ ለገጠር ሰው የተተወ የድሃ መድኃኒት ነው? ደግሞስ ግማሹን በብርጭቆ ብበጠብጠው ምን አለበት?
እናት፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ልጅዎ መጠጣት እስከቻለ ድረስ ትልቅ ሆስፒታል ቢወስዱትም ሊሰጠው የሚገባው ይኸው ነው። የታመመ አንጀት ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡለት ሁለቱን አጣምሮ ያስገባል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ይህ መንገድ በኮሌራ እንኳ አይዘጋም። በ1968 እ.ኤ.አ. ዳካ ላይ በሕሙማን ተፈትኖ ታይቷል። በ1971 ደግሞ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሰፈሩባት የህንዷ ቦንጋዎን ከተማ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ህንዳዊው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በበርሜል አስበጥብጠው አስታማሚዎቹ ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረጉ። ከ100 ታማሚ 30 ያህል ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። መርፌ የማይወጋ ዘመድ ሕይወት ማትረፍ ቻለ ማለት ነው።

ግማሹን በብርጭቆ ግን አይሞክሩት። ፓኬቱ ውስጥ ያለው 20.5 ግራም የተመጠነው ለአንድ ሊትር ነው። ከወፈረ ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። የቀድሞው ፓኬት ራሱ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ስለተገኘ በ2002 እ.ኤ.አ. ተቀንሷል፤ በአዲሱ ፓኬት ግሉኮስ መሰቀል የሚያስፈልጋቸው ልጆች በሲሶ ያህል አንሰዋል።

እጅዎን ታጥበው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ (በአንድ ሊትር ሃይላንድ ይለኩ) ፓኬቱን ሙሉውን ይበጥብጡ። ስኳር አይጨምሩ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ስኒ ሙሉ ወይም ትንሽ በለጥ አድርገው፣ በማንኪያ ያጠጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። ጡትና ምግብ አይቋረጥ።

ዚንኩን ብዙ እናቶች ተቅማጡ ሲቆም ይተዉታል። በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ በማንኪያ ውሃ አሟሙተው አሥሩንም ቀን ይስጡት፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ተመልሶ የመያዝ ዕድሉን ይቀንሳል።

መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ያገኘውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ሳያድር ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ግሉኮስ ካስፈለገው ያን ጊዜ ይሰቀልለታል።