ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 37 ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከ9 የክፍል ኃላፊዎች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናውንና ምሳውን የማዘው እኔ። ዋናው ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ አልቆ ሰኞ ይነገረኛል። እንዲያም ሆኖ ምክትል ሥራ አስኪያጅ እንድሆን ደብዳቤ ደረሰኝ። መልስ የሚፈልጉት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ልጆችም አሉን፤ ደመወዜ አሁንም ከእሱ ይበልጣል። አማቴ ባለፈው በዓል ሰው በተሰበሰበበት «አባወራዋማ አንቺ ሆነሻል» አሉኝ። እሱ ዝም አለ። ደብዳቤውን አላሳየሁትም። ማታ ሰርቪሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እያወጣሁ አነበዋለሁ። ለቤቴ ሰላም ስል ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ከፋብሪካው ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

እዚያ የሚደርስብሽ የአንቺ ድክመት አይደለም። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባለች አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1977 ጽፋዋለች። በወንዶች መሀል በቁጥር ጥቂት የሆነች ሴት ዓይን ይበዛባታል። ስታጠፋ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይሆንም፤ «ሴቶች እኮ...» ይባላል። ወንዶቹ ደግሞ እሷ ስትመጣ ይበልጥ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ለእሷ የሚሰጧትም የለመዱትን ቦታ ነው፤ ለምሳሌ የእናትን። የአንቺው ቡናና ምሳ ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ የኢኮኖሚክስ ምሁር ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሙከራም አለ። ማንም የማይፈልገው፣ ግን አንድ ሰው የግድ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ሲኖር፣ ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶቹ ከወንዶቹ በግማሽ ያህል ይበልጥ ይሸከሙታል። የሚገርመው ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ራሳቸው መሥራታቸው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሳትቆጪ፣ ሳታማርሪ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቃለ ጉባኤ በተራ እንያዝ» በይ። በርጫ መቀመጥ የለብሽም። ሰኞ የሚነግሩሽን ግን «እሺ፣ እዚህ እንነጋገርበትና ይመዝገብ» ብለሽ ወደ ስብሰባው መልሺው። ተራው እስኪደርሳቸው ብዕሩ አንቺ እጅ ነው፤ ያልተነጋገራችሁበትን አትጻፊ።

አሁን ወደ ቤት። የማይመችሽ ነገር ልናገር ነው።

ያለ እኔ ተወሰነብኝ ብለሽ በወንዶቹ ታዝናለሽ፤ ልክ ነሽ። አንቺስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠሽ ለባልሽ ስትወስኚለት ከረምሽ። ይከፋው ይሆን? ያኮርፍ ይሆን? አንቺው ጠይቀሽ አንቺው መለስሽ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዝም ማለቱ እንዳመመሽ ይገባኛል። ግን ከእናቱ ጋር መስማማት አድርገሽ ቆጥረሽዋል። ሊሆን ይችላል። ሰው ፊት እናቱን መመለስ ከብዶትም ይሆናል። አፍሮም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እኔም አንቺም አናውቅም። እሱን ጠይቂው።

እንዴት? ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡና አፍልተሽ፣ ደብዳቤውን ራሱን አውጥተሽ ስጪው። «ሦስት ሳምንት ደበቅኩህ፤ ፈርቼ ነው» በይው። «ካልፈለግክ እተወዋለሁ» ግን እንዳትዪ። ትሕትና ይመስላል፤ ግን እሱን ዳኛ ያደርገዋል፣ ከዓመታት በኋላም «በአንተ ምክንያት ቀረሁ» ያሰኝሻል። ይልቅ «እኔ ልሞክረው እፈልጋለሁ። አንተን ምን ያሳስብሃል?» በይና ዝም በይ። በእውነት ዝም። ቶሎ ለማጽናናት አትቸኩዪ፤ የመጀመሪያው መልስ «ምንም» ከሆነ ቡናው ቶና እስኪደርስ ጠብቂው።

ከዚያ ወደ ተጨባጩ ነገር ግቡ። ማታ ከፋብሪካ ሲደወልልሽ ልጆቹን የሚያስጠናው ማን ነው? ጭማሪው ምን ላይ ይውላል? ብዙ ባሎችን የሚያሳፍረው የሚስት ደመወዝ መብለጡ ሳይሆን፣ ስለ ብሩ የማይጠየቁ መሆናቸው ነው። ይህን ከሥራዬ አይቼዋለሁ።

አማትሽን አንቺ አትመልሺያቸው። እናቱ ናቸው፤ እሱ ያናግራቸው። ስትስማሙ የምትጠይቂው አንዱ ነገር ይህ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እጁን አንስቶብሽ ወይም አስፈራርቶሽ የሚያውቅ ከሆነ እስካሁን ያልኩት አይሠራም። መጀመሪያ ለምታምኚው ዘመድ ንገሪ፤ ብቻሽን አታናግሪው።

«ለቤቴ ሰላም ስል» ብለው ሥራቸውን የተዉ ሴቶች እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ። የመጡት ሰላም አጥተው ነው። እሺ ብለው ቤታቸው የታወከባቸውም መጥተዋል። ስለዚህ ተቀበዪ ወይም ተዪ አልልሽም። ዛሬ ማታ ግን ደብዳቤውን ሐረጎ ላይ አታውጪው፤ ቤት ስትደርሺ አውጪው።