«ማይኩ ቦርሳህ ውስጥ ነበር»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ከጓደኛዬ ጋር እዚሁ ጅማ ፖድካስት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ስለ ቡናው፣ ስለ ከተማችን፣ ስለ ድሮው ነገር እናወራለን፤ እሁድ ማታ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። ልጁ ወሬ ያውቅበታል። እቅድ ሲባል ግን ሞቱ ነው። «እንግባ፣ እዛው ይመጣል» ነው መልሱ። ቅዳሜ ማታ ደውሎ «ነገ ስለ ምን እናውራ?» ይለኛል። ክረምት ላይ ከሰዓት ካልቀዳን ብሎ ድርቅ ይላል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሳችንንም ድምፅ አንሰማም። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ባዶ ነው። እንግዳ የምለምነው እኔ፣ ኤዲት የማደርገው እኔ፣ ሰኞ ሥራ ቦታ የማንቀላፋው እኔ።

አንዴ እንዲያውም ከማና ወረዳ አንድ ሽማግሌ የቡና ገበሬ ጋብዤ እሱ ቀረ። ሰውዬው ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። መቅጃውን ይዤ ነበር፣ ግን ጠያቂው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ? ለማንኛውም ያ አለፈ። አሁን ደግሞ «ቀድመን እንጻፍ» ስለው «ሬዲዮ አደረግከው» እያለ ይስቅብኛል።

አንጀቴ አርሯል። ብቻዬን ብቀጥል ነውር ይሆንብኛል? ስሙን ያወጣነው አብረን ነው።

መልስ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ሰነፍ ነው፤ እሱን ለማወቅ እኔ አላስፈልግህም። እኔን የከነከነኝ «ያ አለፈ» ያልከው ነው። የት አለፈ? አንድ አባት ሥራቸውን ፈትተው፣ መኪና ተሳፍረው መጡ። ማይኩ ቦርሳህ ውስጥ ነበር። አንተ ፊታቸው ቁጭ ብለህ ስልክ ትደውላለህ! «አባቴ፣ በልጅነትዎ የቡና ለቀማው እንዴት ነበር?» ለማለት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? አባታቸው ስለ አባ ጅፋር ዘመን ያጫወቷቸው ነገር ካለ፣ ሌላ ቦታ ተጽፎ አታገኘውም።

አሁን አንተ ወደ እሳቸው ሂድ። ስኳር ይዘህ ሂድ፣ ይቅርታ ጠይቅ፣ እዛው ደጃቸው ላይ ቅዳቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን እንዳትሞክረው፤ ቡናው ቀልቶ እያለ ማን ቁጭ ብሎ ያወራልሃል? እቅድ ማለት ይሄ ነው፤ የእንግዳህን ጊዜ ማወቅ። ሁሉን መጻፍ አይደለም። በዚህስ ከጓደኛህ ጋር ነኝ፤ ተጽፎ የሚነበብ ወሬ ጆሮ ያደክማል። አምስት ስድስት ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ይበቃል። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት አራት ክፍል ቀድተህ አስቀምጥ፤ ያኔ ዝናብም መብራትም እሁድህን አይነጥቁህም። ባትሪውን ዓርብ ማታ ሰካው፣ ይሄም ምክር ከሆነ።

ብቻህን መቀጠሉን በተመለከተ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ብቻህን አላነጋገርክም። መጀመሪያ እሱን ልመድ። ጓደኛህን ደግሞ በቴክስት ሳይሆን ፊት ለፊት «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እጀምራለሁ» በለው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጀምር። አርፍዶ ከመጣ ከደረሰበት ይቀጥል፤ እንደገና እንዳትጀምርለት። ደጋግሞ ከቀረ ስሙን ተውለትና ሌላ አውጣ። ነውሩ የእሱ ነው።