ወንድምሽ ቦርድ ፊት ከመቅረቡ በፊት

እህቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የፋብሪካ ማሽን ጣቶቹን ስለጎዳው አሠሪው «የሕክምና ቦርድ ማስረጃ አምጣ» (የጉዳቱን መጠን መርምሮ የሚወስነው የሐኪሞች ቡድን ማለት ነው) እንዳለው ጽፈሽ፣ አሁኑኑ ይሂድ ወይስ ይቆይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በእንጨት ሥራ ላይ ቀኝ እጄ ተጎድቶ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

ቁስሉ ሳይጠግግ፣ ሕክምናውም ሳያልቅ አይቅረብ። ቦርዱ የሚመዝነው ለዘለቄታው የሚቀረውን ጉዳት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጉዳቱ መጠን በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወሰን ይላል። እስከዚያ ሥራ መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶው፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ደግሞ ግማሹ ይከፈለዋል። ይህን መብቱን አጥብቆ ይጠይቅ፤ ብዙ ሰው ተቸግሮ ሳይድን ለማስወሰን የሚቸኩለው ይህን ባለማወቅ ነው።

የሕመም ፈቃድ ወረቀት ለዘላቂ ጉዳት ካሳ አይበቃም፤ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ መገለጽ አለበት። በጡረታ ሕግም ሆነ በኢንሹራንስ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ያገኛል፤ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። ደመወዙ በወር 6,000 ብር ቢሆን 5 እጥፉ 360,000 ብር ነው። እያንዳንዷ አንድ በመቶ 3,600 ብር ናት ማለት ነው! የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥበት ከነበረ ግን ስሌቱ ሌላ ስለሚሆን ይህን ቀድመሽ አጣሪ።

ሲቀርብ ራጁን፣ በተለይም መጀመሪያ የታከመበትን ማስረጃ ይያዝ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ እዚያ ላይ ካልተጻፈ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

እኔን የቦርዱ ሐኪሞች «ጨብጥ፣ እስክሪብቶውን አንሳ፣ የሸሚዝህን ቁልፍ ቆልፍ» አሉኝ። ከዚያ «አሁን እንዴት ነህ?» ሲሉ ከአፋችን የሚቀድመው «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ነው። እባክሽ ይህን አጥብቀሽ ንገሪው፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለሰላምታ አይደለም። ብሎን ማጥበቅ ካቃተው፣ ብርድ ሲሆን ጣቱ ከደነዘዘ፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅ ከሆነ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገር። መልኩን ክፉኛ ያበላሸ ጉዳት ካለም ያሳይ፤ ሕጉ ከሥራ ባያግደው እንኳ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጥርለታል።

የውሳኔውን ግልባጭ ያስቀር። ምርመራው ስህተት ካለበት ወይም ጉዳቱ ከባሰበት እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።