ጓሮ አትክልት የድባቴ መድኃኒቴን ሊተካልኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ድባቴ እንዳለብኝ ተነግሮኝ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጓሮዬን መኮትኮትና ችግኝ መትከል ስለጀመርኩና መንፈሴም ስለታደሰ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መድኃኒቱን በራሴ አቆምኩት። አሁን ያዞረኛል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ፤ አንዳንድ ምሽት ደግሞ «ምነው ባልነጋ» እላለሁ። አፈር መንካት ድባቴን ይፈውሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ጓሮው ብቻ አይበቃኝም?

መልስ፦ ከጥያቄዎ በስተጀርባ ያለው ስጋት «ዕድሜ ልኬን የክኒን ጥገኛ ሆኜ ልቀር ነው» የሚል ይመስለኛል። በተለምዶ የሚታዘዙት የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ሱስ አያስጎመጁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰውም ደህና ከሆነ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ6 ወር ከቀጠለ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሊያቆም ይችላል። ድንገት ሲቋረጡ ግን ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የእርስዎ ሕመም ከማቋረጡ የመጣ ይሁን ወይም ድባቴው ያገረሸ፣ መርምሮ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቆም በየጊዜው የምንሰማው ነገር ቢሆንም ልለምደው አልቻልኩም፤ የተሻለዎት መድኃኒቱም እየሠራ ስለነበረ ሊሆን እንደሚችል ለምን አልታሰበም?

የጓሮው ጥቅም እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩ ሕሙማን፣ የጡብ ግድግዳ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመና በኔዘርላንድስ በተካሄደ ሌላ ጥናትም፣ ሆን ተብሎ እንዲጨነቁ ከተደረጉ ሰዎች መካከል ለ30 ደቂቃ አትክልት የተንከባከቡት፣ ቤት ውስጥ ካነበቡት ይልቅ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ይበልጥ ቀንሷል። ድባቴ ሰውን ከአልጋው ጋር ሲያስተሳስር፣ ውኃ የሚጠብቅ ችግኝ ያስነሣዋል፤ የጠዋት ብርሃንም የእንቅልፍን ሰዓት ያስተካክላል። ስለ አፈሩ የሰሙት ግን በአመዛኙ በአይጦች ላይ ከተደረገ የባክቴሪያ ምርምር ተነሥቶ የተጋነነ ወሬ ነው፤ በሰው ላይ ድባቴን መፈወሱ አልተረጋገጠም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ በአንድ ሐረግ ያለፉት «ምነው ባልነጋ» ነው። ይህን ማሰብዎ የሕመሙ ምልክት ነው እንጂ ኃጢአትም ድክመትም አይደለም፤ ያም ሆኖ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው በግልጽ ይንገሩት፣ ማታም ብቻዎን አይደሩ። ለጓሮው ብለው የገዙት የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ካለ፣ ራስዎ ሳይሆኑ ያ ሰው ዛሬ ከቤት ያውጣልዎት፤ ቁልፉን በእርስዎ እጅ ትቶ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ አይበቃም። እንዲህ ያለው ሐሳብ አንዳንዴ በድንገት ይበረታና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይበርዳል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ አደገኛ ነገር በአቅራቢያ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ኬሚካሉ ሲጠፋ ተባይ ቅጠሉን ቢበላው ይብላው። ሐሳቡ ከመመኘት አልፎ «እንዲህ ባደርግ» ወደሚል ዕቅድ ከተለወጠ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።

አይደናገጡ፤ ድባቴ በሕክምና የሚሻል ሕመም ነው። ጓሮውንም አይተዉት፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሳይደክሙ፣ ከተቻለም ከሌላ ሰው ጋር ይሥሩ። መድኃኒቱን ግን እንዳቆሙት ሁሉ በራስዎ መልሰው አይጀምሩት። ነገ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ፤ የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፣ ያቆሙበትን ቀን ይንገሩ፣ ለእኔ የጻፉልኝን የምሽቱን ሐሳብም ሳያለዝቡ እንዳለ ይንገሯቸው።