ኪራዩ በእኛ ወር፣ ማስታወሻው በፈረንጅ ወር

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ ሱቅ ተከራይቻለሁ፤ ወር በገባ በ1 እከፍላለሁ። ኢማክስ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ በኦርግ ሞድ፣ ማለትም በማስታወሻና በቀጠሮ መያዣው፣ «በየወሩ» ብዬ ብመዘግበውም ቀኑ ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኦርግ ሞድ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2018 ኦክቶበር 11 ነበር፤ ቀጣዩን ኖቬምበር 11 ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ ኅዳር 2 ነው። ድግግሞሹን 30 ቀን ያድርጉት። የነሐሴን ሲዘጉ ጳጉሜን 1 ላይ ያርፋል፤ ያኔ በእጅዎ 5 ቀን ይግፉት፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 6።

ከድግግሞሹ ቁጥር በፊት + ብቻ ያስገቡ (+30d)። አንድ ዙር ብቻ ስለሚጨምር ያልተከፈለ ወር አይዘለልም። ++ ያለፉትን ዘልሎ ወደፊት ይሄዳል፤ ለኪራይ አደገኛ ነው። .+ ከሠሩበት ቀን ይቆጥራል፣ ለውኃ ማጣሪያ እጥበት ይሆናል።

ከፍለው መጨረስዎን በኦርግ ሞድ ትእዛዝ (C-c C-t) ያስመዝግቡ፤ DONE (ተጠናቋል) የሚለውን ቃል በእጅ ከጻፉት ቀኑ አይዛወርም።