ብሎወሩ ቺንጋ እየበጠሰ ላስቸገረው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። 454 ሸቭሮሌ ሞተር ላይ 6-71 የሚባለውን ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም በቺንጋ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባውን ብሎወር፣ ጭነሃል። ሩጫው ሊያልቅ ሲል፣ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ፣ ቺንጋው ይበጠሳል ወይ ጥርሱ ይረግፋል። አሁን ከ3 ኢንቹ ሰፋ ያለ ልግዛ ወይ ነው ያልከው።

አትግዛ። ቢያንስ ሌላውን ሳታይ አትግዛ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የድራግ (የአጭር ቀጥታ ሩጫ ውድድር) ሞተር የሚገጣጠምበት ጋራዥ ነው የምሠራው። ቺንጋ በላ ተብሎ የሚመጣ ብሎወር በእጄ ብዙ አልፏል። ቺንጋው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂቱን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። 6-71 በአንድ ዙር 411 ኪዩቢክ ኢንች አየር ይገፋል። ታች ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ 55 ጥርስ፣ ላይ ብሎወሩ ላይ 50 ጥርስ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ካለህ፣ ብሎወሩ ከሞተሩ 10 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል። ሞተሩ 6500 ሲዞር እሱ 7150 ነው። 10 ፒኤስአይ ግፊት ላይ ይህ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ይበላል እንበል። ግማሽ ኢንች የጥርስ ርቀት ባለው ቺንጋ ከሆነ፣ ቺንጋው በሴኮንድ 75 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ያንን ጉልበት ለማድረስ የሚያስፈልገው መሳብ 80 ኪሎ ግድም ብቻ ነው። 3 ኢንች ቺንጋ ለዚህ አይበጠስም። ስለዚህ የሚበጥሰው የዘወትር ጭነቱ አይደለም፤ ድንገተኛው ምት ነው።

ምቱ ከየት ይመጣል? አንተው ነግረኸናል፦ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ። ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ሲዘጋ ሞተሩ ወዲያው ፍጥነቱን መቀነስ ይፈልጋል። ብሎወሩ ውስጥ ያሉት ሮተሮች ግን ከባድ ናቸው፤ በያዙት ፍጥነት መቀጠል ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ክራንኩ ብሎወሩን መሳቡ ቀርቶ ብሎወሩ ክራንኩን ይገፋዋል። ከፊት ቆመህ ስታየው ሞተሩ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሲጎትት የሚወጠረው በስተቀኝህ ያለው የቺንጋ ክፍል ነው፤ በግራህ ያለው ላላ ይላል። አይድለሩም (ቺንጋውን የሚወጥረው ትንሽ ፑሌጃ) የሚቀመጠው እዚያ ላላው ጎን ላይ ነው። ስትለቀው ግን ላላ የነበረው በአንድ ጊዜ ይወጠርና አይድለሩን ይመታዋል። የአይድለሩ መያዣ ቀጭን ብረት ከሆነ ይጎብጣል፣ ቺንጋው ይጣመማል፣ ጥርስ ይዘላል። አለቀ።

እንግዲህ አይድለሩን በእጅህ ያዝና በኃይል ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ችግርህን ግማሽ አግኝተሃል። ለውድድር የሚሆነው ወፍራም መያዣ ያለው፣ በቡሎን የሚታሰር አይድለር ነው። በሞላ የሚወጠረውን ለመንገድ መኪና ተወው።

ቀጥሎ የተበጠሰውን ቺንጋ አትጣለው። ጥርሶቹ ከሥራቸው ተልጠው ከሆነ፣ ቺንጋው ላልቶ ሲዘል ነበር ወይም ፑሌጃው ላይ የሚነክሱት ጥርሶች አንሰዋል። አንድ ጠርዙ ብቻ ከተተፈተፈ ፑሌጃዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ጥርሱ ደህና ሆኖ ቺንጋው ቀጥ ብሎ እንደ ምላጭ ከተቆረጠ ግን፣ ወይ ሞተሩ በካርብሬተር በኩል ተኩሶብሃል (እሳቱ ወደ ኋላ ፈንድቷል)፣ ወይ ቺንጋው ከመገጠሙ በፊት ታጥፎ ውስጡ ያለው ክር ተሰብሯል። ብዙ ሰው ቺንጋ አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከትና ሲበጠስ ሻጩን ይረግማል። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማስገባትም ያው ነው። አይድለሩን አላላና በእጅ አስገባው።

ውጥረቱ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳት ይመስለኛል። የጥርስ ቺንጋ የሚጎትተው በጥርሱ ነው፤ እንደ ፋን ቺንጋ በመጥበቅ አይደለም። ብሎወሩ የተቀመጠበት ማኒፎልድና የብሎወሩ ቤት አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም በአንድ ሜትር፣ በየዲግሪው 0.023 ሚሊሜትር ይረዝማል። 30 ሳንቲሜትር አሉሚኒየም በ70 ዲግሪ ሲሞቅ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ወደ ላይ ይነሳል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ጥብቅ አድርገህ ካሰርከው ሲሞቅ የጊታር ክር ይሆናል። እኔ የማደርገው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ረጅሙን ክፍል መሃሉ ላይ በአውራ ጣት እጫነዋለሁ። ግማሽ ኢንች ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ከገባ እተወዋለሁ።

ከመጠን በላይ የጠበቀ ቺንጋ መዘዙ ሌላ ቦታ ነው የሚታየው። ክራንኩን ወደ ላይ ይስበዋል። ሞተሩን ስትፈታ የፊተኛው ሜይን ብሮንዝ (ክራንኩ የሚዞርበት ማረፊያ) የላይኛው ግማሽ ከሌሎቹ በተለየ ተበልቶ ካገኘኸው፣ ምክንያቱን ዘይት ላይ አትፈልግ። የብሎወሩ አፍንጫ ውስጥ ያለው ኩሽኔታም ቶሎ ይጮሃል።

አሁን ወደ ክራንኩ አፍንጫ፣ ማለትም ወደ ፊት ጫፉ። የአንተ ቢግ ብሎክ (ትልቁ የሸቭሮሌ ሞተር ዓይነት) ስለሆነ ዕድለኛ ነህ፤ አፍንጫው 1.6 ኢንች ገደማ ነው። ስሞል ብሎክ (ትንሹ) 1.25 ገደማ ስለሆነ ብሎወር ቶሎ ያስጨንቀዋል። ግን ፋብሪካው የሠራልህ ኪይ (ሃቡ አፍንጫው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ትንሽ ብረት) አንድ ብቻ ነው። ሃቡን (ፑሌጃው የሚታሰርበትን፣ አፍንጫው ላይ የሚገባውን ብረት) አውጣና እይ። ብረቱ ላይ የዝገት መልክ ያለው ደቃቅ ዱቄት ካለ ሃቡ ሲነቃነቅ ነበር። ኪዩ ብቻውን ጭነት እንዲሸከም አይደለም የተሠራው፤ ሃቡ ጠብቆ መግባት አለበት፣ የፊቱ ቡሎንም በቶርክ መፍቻ መታሰር አለበት። ጥሩ ቶርኖ ቤት ሁለተኛ የኪይ ቦታ ያወጣልሃል። ለሰፊ ቺንጋ ያሰብከውን ብር እዚህ ላይ አውጣው።

መስመሩን ለማየት ቀጥ ያለ ብረት ሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ አስደግፍ። ልዩነት ካለ ከኋላ በስፔሰር አስተካክል። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተህ ሞተሩን በእጅ ደጋግመህ አዙረው። ቺንጋው ወደ አንዱ ጠርዝ ከሸሸ ገና ነህ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ብዙ ግፊት ፍለጋ የላይኛውን ፑሌጃ ወደ 45 ጥርስ እንዳታወርደው። ብሎወሩ ከሞተሩ የሚፈጥነው 22 በመቶ ይሆናል፣ ብሎወሩ ወደ 7900 ይጠጋል፣ የሚነክሱት ጥርሶች ደግሞ ይቀንሳሉ። አሁን ባለው ችግርህ ላይ ይህን ጨምረህ ሌላ ቺንጋ ገዝተህ እንዳትመጣ።

ደህንነቱን በአጭሩ፦ ቺንጋው ፊት ላይ መከላከያ ይኑር፣ ብሎወሩም በኤስኤፍአይ (የውድድር ዕቃ ደህንነት መስፈርት በሚያወጣው ድርጅት) በጸደቀ ማሰሪያ ይታሰር። ብሎወሩን ማኒፎልዱ ላይ የሚይዙት ስታዶች (ቡሎኖች) የአሉሚኒየም ይሁኑ፤ ሞተሩ ሲተኩስ ቀድመው እነሱ ይበጠሱ እንጂ ማኒፎልዱ አይፈንዳ።

የአይድለሩን መያዣ፣ የሃቡን ውስጥና የተበጠሰውን ቺንጋ ፎቶ እዚሁ ለጥፍ። የፑሌጃዎችህን የጥርስ ቁጥርም ጻፍ፤ እኔ የገመትኩት 55 እና 50 ካልሆነ ሂሳቡን እንደገና እንሠራዋለን።